የማስተር ያዕቁብ የመጨረሻ ስግደት

ማስተር ያዕቁብ የሞተው ተንበርክኮ ነው። ግንባሩ በሸራው ፍራሽ ላይ ተደፍቷል፤ መዳፎቹ ከራሱ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ፊት ለፊቱ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ከክፈፋቸው ውስጥ ቁልቁል ያዩታል።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ደፉ ላይ ቆማ ሬሳውንና ሽማግሌውን በየተራ አየች። ከሁለቱ ይልቅ ያናደዳት በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነበር። «ራስዎን ከጥቃት ይጠብቁ! ካራቴ፣ ጁዶ፣ አይኪዶ። ምርጫው የእርስዎ ነው» ይላል።

«ጠብቀዋል» አለች።

«እባክዎ ኢንስፔክተር… ጫማዎን» አለ ሳጅን ሚልኪያስ ከኋላዋ። «ማስተሮቹ ፍራሹ በጫማ አይረገጥም ብለዋል።»

«ሟቹ ቅር ይለዋል?»

«እሱማ ምን ሊል።»

«እንግዲያው ሌሎቹም ተራቸው እስኪደርስ ይታገሡ» ብላ ገባች።

በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዋ ሐረር ውስጥ በጩቤ የሞተ፣ በመኪና የሞተ፣ በቅናት የሞተ አይታለች። በነጭ ቢጃማ የሞተ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቢጃማ የምትለው የትግል ልብሱን ነበር። ጎልማሳ ወንዶች በባዶ እግራቸው ቆመው በማያውቁት ቋንቋ ሲጮኹ ማየት ሁልጊዜ የሰው ልጅን ያሳንስባታል።

ቤቱ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ያለ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። የመጋዘኑ ባለቤት የጀጎል ነጋዴ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሐጂያ ነጂባ ናቸው። ሦስት ማስተሮች በየሰዓታቸው ያስተምሩበታል፤ ያዕቁብ ጁዶ፣ ጌታነህ ካራቴ፣ ኒቆዲሞስ አይኪዶ። በማግስቱ፣ እሑድ፣ ሦስቱም በማኅበሩ ሴቶች ፊት ችሎታቸውን አሳይተው አንዱ ይመረጥና ለአርባ ልጃገረዶች ራስን መከላከል እንዲያስተምር ይቀጠር ነበር።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው» አለ ሚልኪያስ ደብተሩን ገልጦ። «ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት አማል የምትባል ልጅ ብቻዋን ስትማር ነበር። መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ጣለችው፤ በጭንቅላቱ ወደቀ፤ ተነሣ። ትምህርቱን ሲዘጉ እንደ ደንባቸው ተሰጋገዱ፤ እሷ ሄደች፣ እሱ ከስግደቱ ሳይነሣ ቀረ። ማስተር ኒቆዲሞስ በመስኮት አይቷል። በአምስት ሰዓት ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ልጅቱም አምናለች። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ምን ብላ አመነች?»

«‹ገደልኩት› ብላ። ሌላ ምን ትበል?»

«ለሃያ ዓመት በቀን ሃምሳ ጊዜ እየወደቀ እንጀራውን የበላ ሰው፣ ጭድ በተሞላ ፍራሽ ላይ አንድ ጊዜ ወድቆ ሞተ። ይህን ጽፈህ ፈረምክበት?»

ሚልኪያስ ደብተሩን ዘጋ።

ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ሬሳውን መርምሮ ቀና አለ። «ጉዳቱ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ነው። ጠባብና ረጅም፤ የዱላ ጠርዝ ይመስላል። ፍራሽ እንዲህ አያደርግም። ቀኝ እጁንም ይዩት።» የእጁ አንጓ ላይ አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት በልዘው ታትመዋል። «አንድ ሰው አጥብቆ ይዞ ጠምዝዞታል። ጠንካራ ሰው፤ መዳፉም ሰፊ።»

«ሰዓቱስ?»

«ከሦስት እስከ አምስት ባለው ውስጥ። ከዚህ በላይ እንዳጠብብልዎ አይጠይቁኝ።»

«እንግዲያው በዱላ መታችው ማለት ነው!» አለ ሚልኪያስ፣ ዓይኑ በርቶ። «በስሕተት ሳይሆን ሆን ብላ!»

«ተሻሽለሃል» አለች ሥርጉት። «አሁን የተሳሳትከው በግማሽ ብቻ ነው።» ግን አልሳቀችም። ለአማል ነገሩ ከድንገተኛ አደጋ ወደ ነፍስ ግድያ ተሻግሮ ነበር።

*

አማል ጣቢያው ውስጥ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ቢሆን ነው።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ላየው አልፈልግም።»

«ለምንድን ነው ትግል መማር የጀመርሽው?»

«አምና ከሥራ ስወጣ አንድ ሰው ጠባቡ መንገድ ላይ ከግድግዳ ጋር አጣበቀኝ። ጮህኩ። የከፈተ በር የለም፤ የተዘጋ ግን ሰማሁ። ሐጂያ ነጂባ ይህን ሲሰሙ ‹ሦስቱንም በየተራ አንድ አንድ ወር ተማሪና የሚጠቅመውን ንገሪኝ፤ ልጆቹን ለእሱ እሰጣለሁ› አሉኝ።»

«ካራቴውስ?»

«ወሩን ሙሉ አየር መታሁ። አየሩ መልሶ አልመታኝም።»

ሥርጉት በልቧ ልጅቱን ወደደቻት። «አይኪዶውስ?»

«ማስተር ኒቆዲሞስ እጄን ይይዝና ‹አሁን ውደቂ› ይለኛል። አልወድቅ ብልስ አልኩት። ‹ጉልበት መጠቀም ነውር ነው› አለኝ። ለዚያ ለግድግዳው ሰውዬ ማን እንደሚነግርልኝ አላውቅም።»

«ጁዶስ?»

«ማስተር ያዕቁብ መጀመሪያ መውደቅ ብቻ አስተማረኝ። ያልፈራ ነው የሚጥል ይላል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ራሱን ጣልኩት። ሳቀ። ‹ማሻአላህ፣ በቃ አሁን ለሐጂያ ንገሪያቸው› አለኝ። እስከ በሩም ሸኘኝ። ግን ውስጥ ውስጡን ተጎድቶ ነበር ለካ። ሳጅኑ እንደዚያ ይሆናል ብሎኛል።»

«ሳጅኑ ብዙ ነገር ይላል። ስትለያዩ ምን አደረጋችሁ?»

«ሰላም ተባባልን።»

«እንዴት? አሳዪኝ።»

አማል አንድ እጇን ከብብቷ አወጣች፤ ደረቷ ላይ አኑራ አንገቷን በጥቂቱ ዘንበል አደረገች። ወዲያው እጇን መልሳ ደበቀችው። መዳፏ የሕፃን ያህል ትንሽ ነበር።

«ከእንግዲህ ሰው አልነካም» አለች።

*

ሐጂያ ነጂባ ቤት ሲደርሱ ሥርጉት ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሚልኪያስ ይህን ታዘበ።

«ጀናዛውን መቼ ትሰጡናላችሁ?» አሉ ሐጂያ። «ከመግሪብ በፊት መቀበር አለበት።»

«አሁን ሐኪሙ ጨርሷል፤ ይወስዱታል። ሐጂያ፣ ከሦስቱ ማንን ሊመርጡ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ቀበቶ ነው የሚያሳዩኝ። ሱሪው እንዳይወልቅ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ አኮረፉ።» ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «እናቶቹን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። ልጆቻችን ለዚያ ፎቶ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ ወይ አሉኝ። ሱጁድ ለአላህ ብቻ ነው። ሁለቱ ማስተሮች ‹ደንቡ ነው› አሉ። ያዕቁብ ግን ጁዶን ከያዘበት ቀን ጀምሮ ለፎቶም ለሰውም እንዲያ አያደርግም፤ ተማሪዎቹም አያደርጉም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ይላል፤ አበቃ። አላህ ይርሐመው።»

«ይህን ለሁለቱ ነግረዋቸዋል?»

«ለምን ብዬ? አልጠየቁኝም። አንዱ ስለ ሌላው የሚጠይቁት ስድብ ሲያልቅባቸው ነው።»

«የነገው ዝግጅትስ?»

«ያዕቁብ አንድ ነገር ለምኖኝ ነበር። በሴቶቹ ፊት ማንም ማንንም ሳያግዝ እንሞካከር፤ አልወድቅም የሚል አይውደቅ አለ። እሺ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

*

ማስተር ጌታነህ ከመጋዘኑ ውጭ ሸክላ በቡጢ እየሰበረ ሐዘኑን ይገልጽ ነበር።

«ሸክላው ምን አደረገህ?» አለች ሥርጉት።

«ቁጣዬን ነው የማወጣው።»

«ቁጣህን አውጥተህ ስትጨርስ ንገረኝ። ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሐኪም ጋራ፣ ተራራው ላይ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ተኩል፣ ሃያ ተማሪ ይዤ ዳገት ስሮጥ።»

«ምስክር?»

«ሃያ ምላስ! ስመለስ ፖሊሶቹ በሩን ዘግተው አላስገባ አሉኝ። እኔን!»

«ያዕቁብን ትጠላው ነበር?»

«እንቀው ነበር። ይለያያል።»

«አስረዳኝ።»

«ጁዶ ማለት ሁለት ሰው አንድ ኮት ሲቀማማ ማለት ነው። ለዚያ ታላቅ ሰው ፎቶ እንኳ አይሰግድም እኮ! አምና እዚሁ ፍራሽ ላይ ተጣልተናል። ለፌዴሬሽኑ በደብዳቤ ከስሼዋለሁ፤ ግልባጩ እጄ ላይ አለ።»

«ታላቁ ሰው ማን ናቸው?»

«የካራቴ አባት ናቸዋ!»

«ኒቆዲሞስስ ስለ ያዕቁብ ምን ይላል?»

«ያ? ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። እኛ ልናስተምር ስንገባ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል። ‹ሁከት ማየት መንፈሴን ይረብሻል› ይላል። ዞር ብሎ አይቶን አያውቅም።» ጌታነህ የቀረውን ሸክላ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ያዕቁብ… ቢያንስ ሲጥልህ መውደቅህን ታውቃለህ።»

ሥርጉት ይህን ከዚያ ሰውዬ አፍ የወጣ የመጀመሪያ ቁም ነገር አድርጋ መዘገበችው።

*

ማስተር ኒቆዲሞስ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ መዳፉ የአካፋ ያህል ሰፊ ነው።

«እህቴ፣ ኀዘንን በኀይል…» ሲል ጀመረ።

«እህትህ አይደለሁም። ወንድም አለኝ፤ እሱም ብዙ አያወራም። ያየኸውን ንገረኝ።»

«አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣሁ። በመስኮቱ አየሁ። ልጅቱ ጣለችው፣ በጭንቅላቱ ወደቀ። ተነሡና እንደ ሁልጊዜው ተንበርክከው ተሰጋገዱ። እሷ ሄደች። እሱ እንደተደፋ ቆየ። በተመስጦ ላይ ነው ብዬ ሳልረብሸው ሻይ ቤት ሄድኩ። በአምስት ሰዓት ስመለስ እንዳለ ነው።»

«እንደ ሁልጊዜው አልክ?»

«የጃፓን ጥበብ ሁሉ በስግደት ይከፈታል፣ በስግደት ይዘጋል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።»

ሥርጉት ቃል በቃል ጻፈችው፤ እሱም እስክትጨርስ በትሕትና ጠበቃት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። «የፎቶው ሽማግሌ ማን ናቸው?»

«የአይኪዶ አባት።»

«ብዙ ልጅ አላቸው። እነዚህስ?» ሦስት የእንጨት ሰይፎች ተደርድረው ተሰቅለዋል።

«ለመምታት አይደሉም። ውስጣዊ ጸጥታን ለመለማመድ ነው።»

ጣቷን በየተራ አሳለፈችባቸው። ሁለቱ አቧራ ለብሰዋል። ሦስተኛው ያንጸባርቃል፤ የኑግ ዘይት ይሸታል።

«ዘይት ትቀባቸዋለህ?»

«እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ።»

«አንዱን ብቻ?»

«ሌሎቹን… ነገ አስቤ ነበር።»

*

በአሥር ሰዓት ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ለትጥበት ተወስዷል፤ ፍራሹ ባዶ ነው። ሐጂያ ነጂባ ወንበር ላይ፣ ጌታነህ እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ፣ ኒቆዲሞስ እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ። አማል በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች፤ እጆቿ እንደተደበቁ ናቸው።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች ሥርጉት። «ሦስት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጥበብ በመናቅ ኖሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ መናቁ የማየትን ድካም ስላስቀረለት፣ የማያውቀውን ነገር የሚያውቅ መሰለው። እንዲህ ነው የተያዘው።

«ያዕቁብ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ደፍቶ ተገኘ። ሳጅኔ ጸሎት ወይም ደንብ ነው ብሎ አለፈው። ጸሎት እንዳይሆን ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ የሶላቱ አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። ሐጂያ፣ ያዕቁብ አቅጣጫው ይጠፋው ነበር?»

«አስተግፊሩላህ! ዓይኑ ቢታሰርም አይጠፋውም።»

«ደንብ እንዳይሆንም፣ ያዕቁብ ለፎቶ አይሰግድም። ለሰውም አይሰግድም። በሕይወቱ ያላደረገውን ሞቶ እንዴት አደረገው? ሌላ ሰው አስቀመጠው። አስቀማጩ ደግሞ ያዕቁብ እንደማይሰግድ የማያውቅ ሰው ነው። አማል ታውቃለች፤ ደንቡን የተማረችው ከራሱ ነው። ጌታነህ ያውቃል፤ ለፌዴሬሽኑ ሁሉ ጽፎበታል።»

«ግልባጩ አለኝ» አለ ጌታነህ።

«አስቀምጠው፤ ነፃ ያወጣህ እሱ ነው። ሐኪም ጋራ የቆጠርካቸው ሃያ ምላሶችም ጠይቀናቸዋል።» ወደ ኒቆዲሞስ ዞረች። «አንተ ግን ሌሎቹ ሊያስተምሩ ሲገቡ ቦርሳህን ይዘህ ትወጣ ነበር። ስለዚህ ‹እንደ ሁልጊዜው ተሰጋገዱ› አልከኝ። ሁልጊዜ ያልነበረ ነገር በመስኮት አይታይም። ያላየኸውን አየሁ አልክ፤ ያላየኸውም ሬሳው ላይ ተሠርቶ ተገኘ።»

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» አለ ኒቆዲሞስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሕተት ወንጀል አይደለም።»

«አይደለም። እንጨቱ ግን አለ። ሚልኪያስ፣ አምጣው።» ሚልኪያስ የሚያንጸባርቀውን ሰይፍ በፕላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ። «ዘይቱ ላዩን አጥቦታል። ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን ሁለት ፀጉር ይዞ ቀርቷል፤ ጥቁርና ሽበት። ሐኪሙ ከሟቹ ጋር እያመሳከረው ነው። የእጁ አንጓ ላይ ያሉትን ጣቶችም ለክቷል። አማል፣ እጅሽን አውጪ።»

አማል ራሷን ነቀነቀች።

«አውጪው ልጄ» አሉ ሐጂያ።

አወጣችው። ሁሉም ያቺን ትንሽ መዳፍ አዩ፤ ከዚያ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የኒቆዲሞስን አዩ። ኒቆዲሞስ መዳፉን ጉልበቱ ሥር ሸሸገ።

«የሆነው ይህ ነው» አለች ሥርጉት። «በአራት ሰዓት አማል ስትወጣ አንተ ገባህ። ያዕቁብ የነገውን ነገር ነገረህ፤ መተጋገዝ የለም፣ አልወድቅም የሚል አይወድቅም። በሴቶች ሁሉ ፊት ምን እንደሚመጣብህ ገባህ። እንዲተወው ለመንከው። ምናልባት ‹አሁኑኑ ሞክረኝ› ብሎ እጁን ሰጠህ። ያዝከው፣ ጠመዘዝከው። አልወደቀም። ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ አንተም ያ ለውስጣዊ ጸጥታ የሚሆነውን እንጨት አነሣህ። ግን በአራትና በአምስት ሰዓት መካከል እዚህ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ሞቱን ወደ ኋላ ጎትተህ ከልጅቱ ትምህርት ጋር ማሰር ነበረብህ። በመሰነባበቻው ስግደት ላይ የሞተ አስመስለህ አስቀመጥከው። ልጅቱ ደግሞ እንደ ስጦታ መጣችልህ፤ በደግነቷ ራሷ አመነች።»

ኒቆዲሞስ ወደ ባዶው ፍራሽ አየ።

«ሳቀብኝ» አለ ኒቆዲሞስ። «ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከርኩ… ‹ወንድሜ፣ ይህን ለልጆች አታስተምር፣ ይገድላቸዋል› አለኝ። እየሳቀ።»

አማል ድንገት ቀና አለች። «እሱ ወድቆ ሲነሣ በራሱም ይስቅ ነበር» አለች።

ሚልኪያስ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ኒቆዲሞስ እጁን ወደ ኋላ አሸሸ።

«አምጣ እጅህን» አለ ሚልኪያስ። «ጉልበት መጠቀም ነውር ነው።»

ሥርጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጅኗን በአድናቆት አየችው፤ ረጅም ጊዜ ግን አልወሰደባትም።

*

ኒቆዲሞስን ከወሰዱት በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አማል ነፃ ነሽ ተብላለች፤ እጆቿ ግን ተመልሰው ተደብቀዋል።

«አርባ ልጆች ነገ ይመጣሉ» አሉ ሐጂያ ነጂባ። «ወላሂ፣ ምን እንደምላቸው አላውቅም። እኔም የምጠብቀው ያንቺን ቃል ነበር። ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«የጠቀመኝ እሱ ያስተማረኝ ነው» አለች አማል። «ግን እኔ ከእንግዲህ ሰው አልነካም። ዛሬ ሙሉ ቀን ገዳይ ነበርኩ ሐጂያ። እጄ ረስቶት አያድርም።»

ጌታነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ሥርጉት ራሱን ሊያጭ ነው ብላ ጠበቀች፤ የምትመልስለትንም አዘጋጀች። ሰውዬው ግን ፍራሹ መሐል ሄዶ ቆመ።

«ጣይኝ» አለ።

«ማስተር…»

«ኮት መቀማማት አይደለም እንዴ? ቀሚኝ! አላግዝሽም። ሆን ብዬም አልወድቅም።» ድምፁ እንደ ወትሮው የናቀ ነበር፤ ጆሮዎቹ ግን ቀልተዋል። «ሃያ ዓመት ሸክላ የሰበርኩ ሰው ነኝ፣ አንቺ አትገድይኝም። ነይ!»

አማል ሐጂያን አየች፤ ከዚያ ሥርጉትን።

«እኔን አትዪኝ» አለች ሥርጉት። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ ጫማዋን ግድግዳው ጥግ አስቀመጠች፣ በካልሲ ፍራሹ ዳር ቆመች። «እኔ ምስክር ነኝ።»

አማል በቀስታ ቀረበች። መጀመሪያ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች። ጌታነህ ግራ ገባው፤ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ሰፊውን ቡጢውን ፈትቶ እሱም ደረቱ ላይ አኖረ።

ሁለት እጆቿ ኮሌታውንና እጅጌውን ያዙ። ገፋችው፤ ሊገፋት ሲመለስ እግሯ ከኋላው ነበር። ጌታነህ ለአንድ አፍታ የትም አልነበረም። ከዚያ መጋዘኑ ተናወጠ፤ ሽማግሌው ክፈፋቸው ውስጥ ተዛነፉ።

የተኛው ሰውዬ አልተንቀሳቀሰም። የአማል ፊት ደም አጣ።

«ኢንስፔክተር» አለ ጌታነህ ከመሬት፣ ጣሪያውን እያየ። «ይህን እንዳይጽፉት።»

«እኔ የምጽፈው ስለ ሞቱ ሰዎች ብቻ ነው» አለች ሥርጉት። «አንተ ደግሞ፣ አዝናለሁ፣ በሕይወት አለህ።»

አማል ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ አለችና እንዲነሣ አንዱን ዘረጋችለት።